ያልተጠየቅኩት ዓረፍተ ነገር

በቤታችን ወረቀት የሚባል ነገር ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። የውኃ ቆጣሪ ሲበላሽ አቤቱታው፣ የእድሩ ማስታወቂያ፣ የጎረቤት ልጅ የሥራ ማመልከቻ፣ ሁሉም «እሷ ትጻፈው» ይባላል። ሃያ ስምንት ዓመት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ይህ ስም ነው። አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር። መጨረሻው ያላማረ ደብዳቤ ጫፉ ያልተቋጨ ነጠላ ይመስለኛል። ስለዚህ እቋጨዋለሁ። አለቆቼ ሳይጠይቁኝ አንድ ማሳረጊያ ዓረፍተ ነገር ጣል አደርግላቸዋለሁ፤ እነሱም «ይሄማ ግሩም ነው» ብለው ይፈርማሉ።

ይህ ልማዴ በወንድሜ ሚስት ላይ ምን እንዳደረሰ ነው የምጽፈው።

ታናሽ ወንድሜ የሂሳብ መምህር ነበር። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በአዲሱ ከተማ በኩል በእግሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ገና እየተሠራ ካለ ፎቅ አራተኛ ወለል ላይ የተከመረ አጣና ተንዶ ወረደበት። አጥር አልነበረም። መረብ አልነበረም። ከታች ቆሞ «በዚህ አትለፉ» የሚል አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። በማግሥቱ አስከሬኑን ከሆስፒታል ልናወጣ ስንሄድ ግን እዚያው ፎቅ ሥር ቢጫ ገመድ ተዘርግቶ፣ «ማለፍ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ አየሁ። ቀለሙ ገና ያብረቀርቅ ነበር። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ እሪ ስል ሹፌሩ ደንግጦ መንገዱ መሀል ቆመ።

በሠልስቱ፣ ድንኳኑ ሳይነሳ፣ ሽማግሌዎች ፈረስ መጋላ አጠገብ ወዳለው ቤታችን መጡ። እኛ ጋ ደም ሳይቃባ በስህተት የሰው ሕይወት ሲጠፋ ነገሩ ውሎ አያድርም፤ ሽማግሌ ቀድሞ ይገባል። ሦስት ነበሩ። አንዱ የሰፈራችን ቄስ፣ አንዱ ከገጠር የመጡ የኦሮሞ አባት፣ ፊት የቀደሙት ደግሞ ኤረር በር ጨርቅ የሚሸጡት፣ ከአባቴ ጋር ዕድሜ ልካቸውን የኖሩት ሐጂ ናቸው። ከኋላቸው የፎቁ ሥራ ተቋራጭ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አጣናውን ያስከመረው ፎርማን ግን ታስሯል።

«አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» አሉ ሐጂ። ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ። «አውፍ ሳትሉን፣ ይቅር ሳትሉን አንቀመጥም። ልጁ ወላሂ አስቦ አልገደለም። ቤቱ የሚጠብቁት ልጆች አሉ። ከልባችሁ አውፍ በሉትና ወረቀት ስጡን፤ ለፖሊስ እናሳይለት።»

ሽማግሌ ቆሞ ሳለ «እስቲ ላስብበት» አይባልም። እንዲያ ያለ ቤት ስሙ በከተማው ሲነሳ ይኖራል። የወንድሜ ሚስት በጥቁር ነጠላዋ ውስጥ ሆና፣ በማይሰማ ድምፅ፣ «ይቅር ብያለሁ» አለች። እማዬ ራሷን ስታ ጓዳ ተኝታ ስለነበር የጠየቃት የለም። ያኔ ተቋራጩ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «ልጆቹ ልጆቼ ናቸው። እስኪያድጉ አለሁላቸው» አለ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ «ተባረክ» አለው። እኔም ብዬዋለሁ።

ከዚያ ወረቀት ተፈለገና ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ከወንድሜ የትምህርት ዝግጅት ደብተር አንድ ቅጠል ተገንጥሎ ተሰጠኝ። እንባዬ ይወርዳል፣ እጄ ግን አልተንቀጠቀጠም። የእጅ ነገር ይገርማል። ፎርማኑ በቸልተኝነት ያደረሰውን በደል በሽማግሌዎች ፊት ይቅር ብለናል ብዬ ጻፍኩ። ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ፤ ሐጂ የጠየቁን ይህንኑ ብቻ ነው። እኔ ግን ወረቀቱን ሳየው ጎዶሎ ሆነብኝ። መቋጫ የለውም። ስለዚህ ጨመርኩ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ይህንን ጉዳይ በተመለከተ በማንኛውም ፍርድ ቤት፣ በማንም ላይ፣ ምንም ዓይነት የካሳም ሆነ ሌላ ጥያቄ የማናቀርብ መሆናችንን በፊርማችን እናረጋግጣለን።»

በማንም ላይ! ማን ጠየቀኝ? ለማን ነበር የምራቀቀው?

ቆሜም አነበብኩት። ድምፄ ጥርት ብሎ ይወጣ ነበር። ሽማግሌዎቹ «አሜን» አሉ። የወንድሜ ሚስት ፈረመች፣ ተቋራጩ ፈረመ፣ ሽማግሌዎቹ ፈረሙ፤ እኔም ከታች ፈረምኩ። ፊርማዬ ከሁሉም ይተልቅ ነበር።

ተቋራጩ ሁለት ጊዜ መጣ። አንዴ ለልጆቹ ደብተርና ጫማ ይዞ፣ አንዴ ደግሞ በበዓል ቀን ባዶ እጁን፣ «ሥራ ቆሟል» እያለ። ከዚያ ስልኩ መጥራት አቆመ። የወንድሜ ሚስት በአንድ መዋለ ሕፃናት ረዳት ናት። ትልቋ ልጅ ሁለተኛ ክፍል፣ ትንሹ ገና ዳዴ የሚል ነበር። እሷ የምታማርር ሴት አይደለችም፤ የቤት ኪራዩ አስጨንቋት ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላው ስትዞር ያወቅነው እንኳ ዕቃዋ በጋሪ ከተጫነ በኋላ ነው። ሐጂ ራሳቸው ተቋራጩን ሊያነጋግሩት ቢፈልጉት ሊያገኙት አልቻሉም። «ቃሉን በላ። አሁን በሕግ ሂዱ» አሏት።

ጠበቃ ዘንድ አብሬያት ሄድኩ። ወጣት ነው፤ ቢሮው አዲሱ ከተማ ካለ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወንድሜ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ጠበቃው ቀኑን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሳ። «ሁለት ዓመት ካለፈ ይርጋ ያግደናል፤ በዚህ ሳምንት መግባት አለበት» አለ። ከዚያ ማን መጠየቅ እንደሚችል ነገረን። የሟች ሚስት፣ ልጆቹ፣ ወላጆቹ።

«እኔስ?» አልኩት።

«እርስዎ ምኑ ነዎት?»

«እህቱ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት።»

«እህት በሕጉ የለችም» አለ፣ ፊቱን ወደ ወረቀቱ እንደመለሰ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይህ ነው። ተናደድኩ። ንዴቴ ሳይበርድ ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፦ «ከተከሳሹ ጋር የተደረገ እርቅ አለ? የተፈረመ ነገር?»

«ለፎርማኑ ይቅርታ ጽፈናል፤ ለፖሊስ የሚሰጥ» አለች የወንድሜ ሚስት።

«እሱ የወንጀሉ ነው፤ አይጎዳም» አለና ገጹን ገለበጠ።

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። «ቆይ፣ ወረቀቱ ሌላም ነገር ይላል» ማለት ምን ይከብዳል? ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ በመዝገብ ቤት ዙሪያ ኖሬያለሁና ወረቀት እንዴት እንደሚጠፋ አውቃለሁ። በፖሊስ ሣጥን ውስጥ ሁለት ዓመት የቆየች አንዲት የደብተር ቅጠል ማን ያገኛታል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሌሊት ሌሊት ግን ዓረፍተ ነገሩ ከነነጥቡ ይመጣብኛል።

ክሱ ገባ። የወንድሜ ሚስት ስለራሷና ስለ ሁለቱ ልጆች፣ እማዬም ስለራሷ ከሰሱ። የተቋራጩ መልስ ሲደርሰን ጠበቃው ደውሎ ጠራን። መልሱ ሦስት ነገር ይላል። ሟች መንገዱን ትቶ የግንባታ ቦታ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳም ነበረ። ሁለቱ ውሸት ነው፤ በምስክር እንደምናፈርሰው ጠበቃው እርግጠኛ ነበር። ሦስተኛው ግን የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ነው አለ። ጉዳዩ አስቀድሞ በእርቅ ስላለቀ ክሱ ሳይሰማ መዝገቡ ይዘጋልኝ ይላል። ከጀርባው ፎቶ ኮፒ ተያይዟል።

የራሴን ጽሕፈት ከሩቅ አወቅኩት። ጠበቃው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነበው፣ «በማንም ላይ» የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመ። «ይህን ማን ነው የጻፈው?» አለ።

«እኔ» አልኩ።

የወንድሜ ሚስት ወደ እኔ አልዞረችም። ትንሹን ልጅ ታቅፋ ነበር፤ አፍንጫውን ጠረገችለት።

ፍርድ ቤቱ በመቃወሚያው ላይ ብይን ከመስጠቱ በፊት ወረቀቱን የጻፈው ሰውና አንድ ሽማግሌ ቀርበው እንዲሰሙ አዘዘ። ቀጠሮው ለአሥራ አምስት ቀን ነው። እነዚያን አሥራ አምስት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። መሥሪያ ቤት ለአንድ ወረዳ የሚሄደውን ደብዳቤ ለሌላው ላክሁ፤ በሃያ ስምንት ዓመት አንዴ ያላደረግኩትን። ሦስት ቀን ብርቱካን ገዝቼ ወደ ወንድሜ ሚስት ቤት ሄድኩ። በር ላይ ሆኜ «ይቅር በይኝ» ልላት አስቤ፣ ገብቼ ስለ ልጆቹ ጉንፋን አውርቼ ወጣሁ። ብርቱካኑን እንኳ «ለልጆቹ ነው» አልኩ፣ ለሷ ማለት አፍሬ።

ጠበቃው ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን ለብቻዬ ጠራኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ወረቀቱ ከመፈረሙ በፊት ተነቦላታል?»

«ለምን?»

«ካልተነበበላት፣ ምን እንደፈረመች ሳታውቅ በሐዘን ላይ ሆና ነው የፈረመችው ብለን እንከራከራለን። በር አለን ማለት ነው። ከተነበበላት ግን...» እጁን ዘረጋና ተወው። «ይዋሹ አላልኩም» አለ ቀጥሎ። «ያስታውሱ ነው ያልኩት።»

ሌላ ምን ማስታወስ አለብኝ? ቆሜ ማንበቤን፣ ድምፄን፣ አሜን መባሉን፣ ሁሉንም አስታውሳለሁ።

በቀጠሮው ቀን ሐጂ ቀድመው ገቡ። ምስክር የሌላውን ቃል መስማት አይፈቀድለትምና እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ተዘግቷል፤ የሐጂ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ስለ ማንበቡ ተናግረው ይሆን? ከተናገሩ የኔ መካድ ምን ይረባል? ካልተናገሩስ? የነጠላዬን ጥለት ስቆጥር፣ ችሎት አስከባሪው በሩን ከፍቶ ጠራኝ።

እውነት ለመናገር ማልኩ። ዳኛዋ በዕድሜ ከኔ ያንሳሉ፤ መነጽራቸውን አውርደው ወረቀቱን አሳዩኝ።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ጻፊ ያለዎት ማነው?»

«ማንም የለም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«ለምን?»

«እንዲያምር ብዬ» አልኩ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ችሎት አስከባሪው ገሠፀው። ዳኛዋ አልሳቁም። ጽፈው ሲጨርሱ ቀና ብለው፣ «ከመፈረሙ በፊት ተነቧል?» አሉ።

የወንድሜ ሚስት ከሳሾች ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሐጂ ግድግዳው ሥር ናቸው፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። «አልተነበበም» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «ተነቧል» የሚለውም ነበር። ሁለቱንም መትፋት አቃተኝ።

«አላስታውስም» አልኩ።

እኔ! ከስንት ዓመት በፊት የወጣ ደብዳቤ ቁጥር ቢጠይቁኝ ከነቀኑ የምናገር ሴት!

ዳኛዋ ትንሽ አዩኝና ወደ ከሳሾች ዞሩ። «ከሳሽ ይቁሙ። እርስዎስ? ተነቦልዎታል?»

የወንድሜ ሚስት ተነሳች፤ ነጠላዋን አስተካከለች። ጠበቃው ወደ እሷ ጎንበስ አለ፣ እሷ ግን አላየችውም።

«ተነቦልኛል» አለች። «እትዬ ቆማ ነው ያነበበችው። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ምን እንደሚያስቀርብኝ አላወቅኩም ነበር እንጂ ሰምቻለሁ። እሷ ከጻፈችው ልክ ነው ብዬ ፈረምኩ።»

ጠበቃው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እኔ የቆምኩበት መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ወደድኩ።

ከግቢው ስንወጣ ሐጂ ቀድመው ሄዱ። እኔና እሷ ታክሲ ፍለጋ ጎን ለጎን ሄድን። መጨረሻ ላይ አላስችል ብሎኝ፣ «ለምን አላስታውስም አላልሽም? ማን ያውቅብሻል?» አልኳት። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ የምቆጣው እኔ! ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«አቦ እትዬ!» አለች። «ሐጂ እዚያ ቁጭ ብለው? ደግሞስ በልጆቼ አባት ሞት ላይ ቆሜ ልዋሽ?»

ብትጮህብኝ ደስ ባለኝ። ብትሰድበኝ፣ በሰው ፊት ብታዋርደኝ፣ ቤት ገብቼ ባለቀስኩና በወጣልኝ። እሷ ግን ባጃጁ ሲቆም መጀመሪያ እንድገባ በሩ ጋ ጠበቀችኝ።

ብይኑ ከሌላ ሁለት ሳምንት በኋላ ተነበበ። ዳኛዋ ቀስ ብለው ነበር ያነበቡት። ይቅርታውን የጠየቁት ሽማግሌ ካሳ ይቅር ይባል እንዳላሉ ራሳቸው መስክረዋል፤ ሆኖም የተጻፈው ግልጽ ነው፣ ተነቧል፣ ተከሳሽም ልጆቹን ለመርዳት ቃል ገብቶ ከሥሩ ፈርሟል። እናት የልጆቿን መብት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ በእርቅ ልታስቀር ስለማትችል የልጆቹ ክስ ይቀጥላል። የሟች እናት አልፈረሙም፤ የእሳቸውም ይቀጥላል። አንደኛዋ ከሳሽ ግን ሰምታ ስለፈረመች በራሷ ስም ያቀረበችው ክስ ተዘግቷል።

እየሰማሁ ፊርማዎቹን አሰብኩ። ከሁሉም የተለቀው የኔ ነበር፤ እህት በሕጉ ስለሌለች ያስቀረብኝ ነገር የለም። የሷ ትንሿ ፊርማ ግን የሷን ሁሉ ወሰደች። ከሳሾች ወንበር ላይ ከእንግዲህ የምትቀመጠው የልጆቿ ሞግዚት ሆና እንጂ የባሏ ሚስት ሆና አይደለም።

ውጭ ስንወጣ ጠበቃው ይግባኝ ማለት እንደሚቻል ነገራት። ለዚያ የብይኑ ግልባጭ ያስፈልጋል፤ ግልባጩ ደግሞ በማመልከቻ ነው የሚጠየቀው። እሱ ሌላ ችሎት ነበረበትና፣ «አሁኑኑ አስጽፋችሁ አስገቡ» ብሎ ሮጠ።

ከግቢው በር ውጭ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊዎች በየጃንጥላቸው ሥር ተደርድረዋል። ወደ እነሱ አየች። ሁለት ሦስት እርምጃም ሄደች። እኔ ከግንቡ ተጠግቼ ቆሜ፣ ትሂድ፣ ይገባኛል እያልኩ ጫማዬን አያለሁ። ተመለሰች። ከቦርሳዋ ነጭ ወረቀት አውጥታ ዘረጋችልኝ።

«እትዬ፣ ጻፊልኝ» አለች። «ግን አጭር ይሁን።»

ግንቡ ላይ ተቀምጬ፣ ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ጻፍኩ። ቀኑን፣ የመዝገቡን ቁጥር፣ ከዚያም «የብይኑ ግልባጭ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ» የሚል አንድ መስመር። ጎዶሎ መሰለኝ። እጄን በላኝ። እስክሪብቶውን ከድኜ ወረቀቱን ሰጠኋት።

ያችን አንድ መስመር ጣቷን ከሥሯ እያስኬደች አነበበች። ደግማ አነበበች። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብላኝ ፈረመች።